ኩል ፓፓ ቤል፦ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ጀምሮ በእግሩ ስም ያተረፈው ሰው (ጥያቄና መልስ)

ቤዝቦል ተጫዋቹ ጄምስ “ኩል ፓፓ” ቤል በ1922 በአሜሪካ የጥቁሮች ሊግ ይጫወት ለነበረው ለሴንት ሉዊስ ስታርስ ሲፈርም የተቀጠረው ኳስ እንዲወረውር ነበር። ዛሬ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ግን ስለ እግሩ ነው። ስለ ሁለቱም የቀረቡት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ከዚህ በታች አሉ። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቤዝቦል ልጆቼ ሲያዩ ጎን ለጎን ነው የማየው እንጂ አላውቀውም። ወደ ሰውየው ከመግባትህ በፊት ሜዳውን ባጭሩ ብታስረዳን?

መልስ፦ አራት ማረፊያ አለ፤ ቤዝ ይባላሉ። መቺው ሆም ፕሌት በሚባለው በአራተኛው አጠገብ ዱላውን ይዞ ይቆማል። ወርዋሪው (ፒቸር) 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 18.44 ሜትር ርቆ ከትንሽ ጉብታ ላይ ሆኖ ይወረውርለታል። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበለው ያዡ (ካቸር) ነው። መቺው ኳሷን ካገኛት ዱላውን ጥሎ ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ፣ በመጨረሻም ተመልሶ ወደ ሆም ፕሌት ይሮጣል። ዙሩን የጨረሰ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ከቤዝ እስከ ቤዝ 90 ጫማ (27.4 ሜትር) ስለሆነ ሙሉው ዙር 360 ጫማ፣ ወደ 110 ሜትር ገደማ ነው።

“ቤዝ መስረቅ” የሚባለው ደግሞ ኳሱ ሳይመታ፣ ወርዋሪው ለመቺው በሚወረውርባት ቅጽበት ሯጩ ተነሥቶ ቀጣዩን ቤዝ ሲይዝ ነው። 18.44ን እና 27.4ን ያዙልኝ፤ ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

ጥያቄ፦ የት ተወለደ? ወደ ቤዝቦልስ እንዴት ገባ?

መልስ፦ ግንቦት 17 ቀን 1903 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ስታርክቪል አካባቢ ተወለደ። የገበሬ አገር ነው። በ1920፣ በ17 ዓመቱ፣ ታላላቅ ወንድሞቹ ወደሚኖሩባት ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። እናቱ የፈለገችው እንዲማርና ደህና ሥራ እንዲይዝ ነበር። ቀን ቀን በሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ኮምፕተን ሂል ከብስ ለሚባል የሰፈር ቡድን በግራ እጁ ይወረውራል። በ1922 የምሥራቅ ሴንት ሉዊስ ቡድን ይዞ ሴንት ሉዊስ ስታርስን ገጠመ፤ ቢሸነፍም አወራወሩ ዓይን ገባና ስታርሶች በወር 90 ዶላር አስፈረሙት። 19 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ኳስ ነበር የሚወረውረው? በኃይል የሚወረውር ነበር ወይስ በዘዴ?

መልስ፦ በዘዴ። ዋናው መሣሪያው ናክልቦል ነበር፤ ከርቭም (በመሽከርከሩ የሚታጠፍ ኳስ) ጨምሮ ይጠቀም ነበር። ናክልቦል ብዙ ሰው በስም ብቻ ስለሚያውቀው ትንሽ ላብራራው።

የቤዝቦል ኳስ ክብደቱ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ዙሪያው 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ቆዳው በ108 ጥንድ ቀይ ስፌት የተያያዘ ነው። ሌላው ኳስ ሁሉ የሚጣመመው በመሽከርከሩ ነው። ናክልቦል ግን ሳይሽከረከር እንዲሄድ የሚወረወር ነው። አያያዙ እንዲህ ነው፦ የጠቋሚና የመሃል ጣት ጥፍሮች ከስፌቱ ኋላ ቆዳው ላይ ይተከላሉ፤ አውራ ጣት ከታች፣ የቀለበት ጣት ከጎን ይደግፋሉ። ክንድ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ እንደ ጣውላ ደረቅ ይላል፤ ኳሱ በጣቶች ይገፋል እንጂ በአንጓ አይወነጨፍም። በትክክል ከወጣ በ18.44 ሜትሩ ጉዞ ውስጥ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይዞራል። ስፌቱ አየሩን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ስለሚሰነጥቀው ኳሱ መንገዱን ይቀያይራል። ወዴት እንደሚያጋድል መቺው ቀርቶ ወርዋሪው ራሱ አያውቅም።

የሚበላሸው በጥቂት ምክንያት ነው። ጥፍር ከተሰበረ ወይም ከረዘመ አያያዙ ይዛነፋል። እጅ ካላበው ኳሱ ከጣት ሾልኮ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ወርዋሪው ፍጥነት ልጨምር ብሎ አንጓውን ሲያጥፍ ነው፤ ኳሱ ሦስት አራት ጊዜ ይሽከረከርና ቀርፋፋና ቀጥ ያለ ሆኖ ይደርሳል፤ ጥሩ መቺ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይፈልግም። ነፋስ ከፊት ሲመጣ መወላወሉን ይጨምርለታል፣ ከኋላ ሲነፍስ ያደርቀዋል። ሌላም ዋጋ አለው፦ ኳሱ ቀርፋፋ ስለሆነ ያዡም ለመጨበጥ ስለሚቸገር፣ አንደኛ ቤዝ ላይ ያለ ሯጭ ሁለተኛውን ለመስረቅ የሚመኘው ቀን ነው። ቤል ይህን ከጉብታው ላይ ሆኖ ነው የተማረው። ኋላ በሌሎች ወርዋሪዎች ላይ ለሠራው ሥራ ይህ ትልቁ ትምህርት ቤቱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ “ኩል ፓፓ” ማለት ምን ማለት ነው? ማን አወጣለት?

መልስ፦ “ኩል” እዚህ ላይ የዓይን ኩል ሳይሆን የእንግሊዝኛው ቃል ነው፤ ረጋ ያለ፣ የማይደነግጥ ማለት ነው። ገና ጀማሪ ሳለ ኦስካር ቻርልስተንን የመሰለ አስፈሪ መቺ ሳይርበተበት በስትራይክ (ኳሱን ሦስት ጊዜ አስቶ) እንዳስወጣውና ስሙ ከዚያ እንደተነሣ ነው በሰፊው የሚነገረው። አሠልጣኙ ቢል ጌትዉድ “ኩል” ብቻውን ያንሳል ብሎ “ፓፓ” ጨመረበት። የ19 ዓመት ልጅ “አባባ” መባሉ የርጋታው ምስክር ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ከወረወረ ለምን አቆመ?

መልስ፦ ሒሳቡ ቀላል ነው። ወርዋሪ አንድ ጊዜ ወርውሮ ክንዱ እስኪያገግም ቀናት ያርፋል። ቤል ግን ይመታል፣ ይሮጣልም፤ ያንን በየቀኑ ማድረግ ይችላል። ጌትዉድ ራሱ ወርዋሪ ስለነበር ምን እያጣ ምን እንደሚያተርፍ ያውቅ ነበር። እስከ 1924 ድረስ ቀስ በቀስ ወደ መሃል የውጭ ሜዳ (ሴንተር ፊልድ) አዛወረው።

የቤል ክንድ ለውጭ ሜዳ ሰው የሚመኙት ዓይነት ብርቱ አልነበረም። ያንን በሁለት ነገር ሸፈነው። አንደኛ፣ ከተለመደው ይልቅ ወደ ውስጥ ቀርቦ ይቆማል፤ ከጭንቅላቱ በላይ የሚያልፈውን ኳስ በእግሩ እንደሚደርስበት እርግጠኛ ነበር። ቀርቦ መቆሙ ደግሞ ከፊቱ ይወድቁ የነበሩትን አጫጭር ኳሶች ይሰበስብለታል። ሁለተኛ፣ ኳሱን እንደያዘ ሳያባክን ይለቅቃል። ርቀቱ ሲያጥር ደካማ ክንድም ያደርሳል።

ጥያቄ፦ በሁለቱም እጅ ይመታ ነበር የሚባለው ለምንድን ነው? ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ የመቺ ሳጥን ከሆም ፕሌት ግራና ቀኝ አለ። ግራኝ ሆኖ የሚመታ ሰው የሚቆመው በአንደኛ ቤዝ በኩል ባለው ሳጥን ስለሆነ አንድ ሁለት እርምጃ ይቀርባል፤ ዱላውን ካወዛወዘ በኋላም ሰውነቱ ወደ መሮጫው አቅጣጫ ዞሮ ያገኘዋል። በቀኝ የሚመታው ግን ወደ ሦስተኛ ቤዝ የዞረ ሰውነቱን መልሶ ነው የሚነሣው። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም አንደኛ ቤዝ ላይ ብዙው ውሳኔ የሚለየው በዚህች ነው።

ቤል በግራ መምታትን ከያዘ በኋላ ኳሱን ሩቅ ለመላክ አልተጨነቀም። ወደ መሬት እየጫነ ይመታታል፤ ኳሷ ከፍ ብላ ትነጥራለች፤ ተከላካዩ እስክትወርድለት ሲጠብቅ እሱ ደርሷል። በንትም ያበዛ ነበር። በንት ማለት ዱላውን ሳያወዛውዙ አግድም ይዞ ኳሷን መሬት ላይ ማሳረፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መቺ የውስጥ ሜዳ ተከላካዮች ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ይቀርባሉ፤ ሲቀርቡ ደግሞ ጠንከር አድርጎ የመታው ኳስ በመካከላቸው ያልፋል። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላው ይከፈታል። ጉልበትም አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ጥር 1 ቀን 1929 በኩባ፣ ሲየንፉዌጎስ ውስጥ በአንድ ጨዋታ ሦስት ሆም ራን (መቺውን ሙሉውን ዙር የሚያስጨርስ ምት) መትቷል።

ጥያቄ፦ ሙሉውን ዙር በ12 ሰከንድ ሮጠ ይባላል። ሰው የሚችለው ነገር ነው? እኛ የሯጭ አገር ልጆች ነንና በሰዓት አትቀልድብን።

መልስ፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

ዙሩ በመስመር ሲለካ 109.7 ሜትር ነው። ማንም ሰው ግን በ90 ዲግሪ ማዕዘን እየተሰበረ መሮጥ አይችልም፤ በየቤዙ ወደ ውጭ ለጠጥ ብሎ ስለሚዞር በእግሩ የሚሸፍነው ከዚያ ይበልጣል። ጄሲ ኦወንስ በ1936 100 ሜትርን በ10.2 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ፤ እሱ ግን የሮጠው ቀጥ ባለ መም ላይ ነው። ስለዚህ 12 ሰከንድ ማለት ሦስት ጊዜ እየዞሩ፣ በአፈር ላይ፣ በቤዝቦል ጫማ፣ ከኦወንስ ፍጥነት ብዙም ሳይርቁ መሮጥ ነው። በነጭ ሊጎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ ክብረ ወሰን ሲጠቀስ የኖረው ኤቫር ስዋንሰን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ሩጫ ያስመዘገበው 13.3 ሰከንድ ነው። በዘመናችን በካሜራ ልኬት ባይረን በክስተን በ2017 ኳስ መትቶ ዙሩን በ13.85 ጨርሷል፤ ይህ ግን ዱላ ካወዛወዙ በኋላ የተነሣበት ስለሆነ ቆሞ ለሩጫ ከተዘጋጀ ሰው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም።

12 ሰከንድ ከቤል ከራሱና ከጓደኞቹ የመጣ ቁጥር ነው። ከ13 ትንሽ አለፍ የሚለው፣ ያውም በረጠበ ሜዳ የተባለው፣ ለእኔ ይበልጥ የሚታመን ነው። እሱም ቢሆን በዘመኑ ከነበረ ከማንም የቤዝቦል ሯጭ ጋር የሚያስተካክለው ወይም የሚያስበልጠው ነው። ሰውየውን ለማክበር 12ቱ አያስፈልግም።

ወደ አዟዟሩ ልመለስ፤ ጊዜ የሚተርፈውም የሚጠፋውም እዚያ ነው። ቤዙ ጋ ለመድረስ አራት አምስት ሜትር ሲቀር በትንሹ ወደ ቀኝ መውጣት፤ ሰውነትን ወደ ግራ ማዘንበል፤ የቤዙን የውስጠኛ ማዕዘን ረግጦ እሱን እንደ መግፊያ መጠቀም። የትኛው እግር ይርገጥ ብሎ እርምጃ ማሳጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የመጣው እግር ይርገጥ። ቀጥ ብሎ ቤዙ ድረስ የሄደ ሰው ደግሞ ከረገጠ በኋላ ሦስት አራት ሜትር ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ያንን ሦስት ጊዜ ካደረገው አሥር ሜትር ሮጦ የትም አልደረሰም ማለት ነው። ኳሱን ዞር ብሎ ማየትም እንዲሁ ያዘገያል፤ ኳሱን የሚያይለት ሦስተኛ ቤዝ አጠገብ የቆመው አሠልጣኝ ነው።

ጥያቄ፦ ከኦወንስ ጋር ተወዳድሯል?

መልስ፦ ኦወንስ ከበርሊን ኦሎምፒክ በኋላ የአማተርነት ፈቃዱን ስለተነጠቀ እንጀራው በትዕይንት ሩጫ ሆነ። የጥቁሮች ሊግ ጨዋታዎች ከመጀመራቸው በፊት ከተጫዋቾችም ከፈረስም ጋር እየሮጠ ይከፈለው ነበር። ቤልን ግን ሊገጥም አልፈለገም እየተባለ በተጫዋቾቹ ዘንድ ይተረካል። በአራት የወርቅ ሜዳልያ የተመለሰ ሰው ለዕለት ገቢው በፈረስ ፊት እንዲሮጥ መደረጉ እኔን ከማን ቀደመ ወሬው በላይ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ቤዝ ሲሰርቅ ምን እያየ ነበር የሚነሣው? ልጄ በትምህርት ቤት ቡድን ይጫወታል፤ የሚጠቅመው ነገር ካለ ዘርዘር አድርግልኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ሒሳቡ። ወርዋሪው ከተነቃነቀባት ቅጽበት ኳሱ ያዡ ጓንት ውስጥ እስኪገባ 1.3 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ያዡ ተነሥቶ ሁለተኛ ቤዝ ለማድረስ ደግሞ 2 ሰከንድ ያህል። በድምሩ 3.3። ሯጩ ከአንደኛ ቤዝ 12 ጫማ ያህል ፈቀቅ ብሎ ከጠበቀ የሚቀረው 78 ጫማ፣ ወደ 24 ሜትር ነው። በ3.3 ሰከንድ 24 ሜትር ከቆመበት ተነሥቶ የሚሸፍን ልጅ ትርፉ የሰከንድ ቅንጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌብነቱ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በመነሻው ነው።

ቀኝ እጅ ወርዋሪ ጀርባው ወደ አንደኛ ቤዝ ያደላ ነው፤ የሚታየው የቀኝ ተረከዙ ነው። ተረከዙ ከተነሣ ወደ አንተ ዞሮ ሊወረውር ነው፣ ተመለስ። የፊት እግሩ ከተነሣና ተረከዙ እንደተተከለ ከቀረ ወደ ሆም ነው፣ ሂድ። ግራኝ ወርዋሪ ግን ፊት ለፊት ያይሃል፤ የተነሣው የቀኝ እግሩ ጉልበት ከኋላ እግሩ መስመር ካለፈ ወደ ሆም ለመወርወር ተገድዷል። ቤል ራሱ ግራኝ ወርዋሪ ስለነበር ይህን ከውስጥ ያውቀዋል። አነሣሡ ደግሞ የቀኝ እግርን አዙሮ ግራውን በላዩ ማሻገር ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ መነሣት የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ይበላል። ልጆች በብዛት የሚያጠፉት ከመጠን በላይ ይርቁና ክብደታቸውን ወደ ሁለተኛ ቤዝ አጋድለው ይጠብቃሉ፤ ወርዋሪው ዞር ሲል መመለሻ ያጣሉ።

የዚህን ጥቅም ለማየት የ1934ቱን የምሥራቅና የምዕራብ ምርጦች ጨዋታ ተመልከቱ። ቺካጎ፣ ኮሚስኪ ፓርክ፣ ስምንተኛ ኢኒንግ (የጨዋታው ስምንተኛ ምዕራፍ)፣ ዜሮ ለዜሮ። ቤል ሳይመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ ያዘ። ሁለተኛውን ሰረቀ። ጀድ ዊልሰን ኳስ መታ፣ ቤል ገባ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ።

ጥያቄ፦ መብራቱን አጥፍቶ ክፍሉ ሳይጨልም አልጋው ውስጥ ገባ የሚባለውስ?

መልስ፦ ወሬውን ያሰራጨው አብሮት የሆቴል ክፍል ይጋራ የነበረው ዝነኛው ወርዋሪ ሳቸል ፔጅ ነው። ቤል ኋላ እንደተናገረው የሆቴሉ ማብሪያ ማጥፊያ ብልሽት ነበረበት፤ ከተጫነ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ቤል ይህን ቀድሞ አይቶ ፔጅን በገንዘብ አስያዘው፤ አጠፋ፣ ተራምዶ ተኛ፣ ከዚያ ጨለመ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ለምን በትልልቆቹ ሊጎች አልተጫወተም?

መልስ፦ ጥቁር ስለሆነ። ሌላ ምክንያት የለም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1947 ድረስ ባለቤቶቹ በወረቀት ባልሰፈረ ስምምነት ጥቁር ተጫዋች አላስገቡም። ለዚህ ነው በ1920 ሩብ ፎስተር በካንሳስ ሲቲ የኔግሮ ብሔራዊ ሊግን ያቋቋመው። ቤል ከስታርሶች ጋር በ1928፣ በ1930 እና በ1931 ሻምፒዮን ሆነ። የጭንቅ ዘመኑ ኢኮኖሚ ሊጉን ሲያፈርሰው በ1932 በሦስት ቡድን ተዘዋወረ። ከ1933 ጀምሮ በፒትስበርግ ክሮፎርድስ ከፔጅ፣ ከጆሽ ጊብሰን፣ ከቻርልስተንና ከጁዲ ጆንሰን ጋር ተጫወተ። እነዚህ አምስት ሰዎች ሁሉም ዛሬ የቤዝቦል ታላላቆች በሚዘከሩበት የዝና አዳራሽ ውስጥ ናቸው። አንድ ቡድን ውስጥ ሆነው ግን ነጮቹ በሚያርፉበት ሆቴል ማረፍ አይችሉም ነበር።

ጥያቄ፦ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሄደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለገንዘብ። በ1937 አምባገነኑ ራፋኤል ትሩሂዮ በራሱ ስም በተሰየመችው ዋና ከተማ፣ ሲውዳድ ትሩሂዮ፣ የማይሸነፍ ቡድን እንዲኖር ፈለገ። ፔጅ፣ ጊብሰንና ቤል ሄዱ። ዋንጫውን አሸነፉ፤ ተጫዋቾቹ በኋላ የተናገሩት ግን ሜዳው ዳር ስለቆሙት ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ነው። ሲመለሱ ውል ጥላችሁ ሄዳችሁ ተብለው ስለተቀጡ ቤል ከ1938 እስከ 1941 ሜክሲኮ ተጫወተ። በ1940 በሜክሲኮ ሊግ የመምታት አማካዩ 0.437 ሆነ (ከአሥር ጊዜ ከአራት በላይ መታ ማለት ነው)፣ 12 ሆም ራን፣ 79 ነጥብ ያስገባ መምታት፤ በሦስቱም አንደኛ። 37 ዓመቱ ነበር። በዚህ ሊግ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው በእኩል ዓይን ይታይ እንደነበር፣ የፈለገበት እንደሚበላና እንደሚያድር ተናግሯል። ቁጥሮቹን ከዚህ ለይቼ ማየት አልችልም።

ጥያቄ፦ በበንት ብቻ ከአንደኛ ቤዝ ተነሥቶ ሆም ገባ የሚባለው እንዴት ይሆናል? አንድ ቤዝ ነው እንጂ የሚያስኬደው።

መልስ፦ በ1948 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የፔጅ ቡድን ከቦብ ሌመን የነጭ ሊግ ምርጦች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርግ የሆነ ነው። ቤል 45 ዓመቱ። እሱ አንደኛ ቤዝ ላይ፣ ፔጅ መቺ። ቤል የተነሣው ኳሱ ሲወረወር ነው እንጂ በንቱ ከተመታ በኋላ አይደለም፤ ቁልፉ ይኼ ነው። ፔጅ በንቱን ወደ ሦስተኛ ቤዝ በኩል አሳረፈው። የሦስተኛ ቤዝ ተከላካይ ለማንሣት ወደ ፊት ሮጦ መጣና ወደ አንደኛ ወረወረ፤ ሦስተኛ ቤዝ ባዶ ቀረ። ቤል ያኔ ሁለተኛን አልፏል። ያዡ ሮይ ፓርቲ ባዶውን ሊሸፍን ወደ ሦስተኛ ሮጠ፤ ሆም ፕሌት ባዶ ቀረ። ቤል ሦስተኛን ረግጦ፣ ወደ እሱ የሚመጣውን ያዥ አልፎ ገባ።

የተከላካዮቹ ጥፋት አንድ ነው፦ ያዡ ቦታውን ሲለቅ ሆምን መሸፈን የወርዋሪው ሥራ ነው። አልሸፈነም። 45 ዓመት የሆነው ሰው ሦስት ቤዝ ይሄዳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ለጃኪ ሮቢንሰን ያደረገለት ነገር አለ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በ1945 ሮቢንሰን ለካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሾርትስቶፕ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ማለት ነው። ከዚያ ቦታ ወደ ቀኝ ሄዶ ኳስ አንሥቶ አንደኛ ቤዝ ማድረስ ረጅሙ ውርወራ ነው፣ የሮቢንሰን ክንድ ደግሞ ለዚህ አይበቃም። ቤል ይህን ሊያሳየው ብሎ ኳሶችን ሆን ብሎ ወደ ቀኙ እየመታ ቀደመው። ሮቢንሰን በ1947 የጥቁሮቹን እገዳ ሰብሮ ወደ ትልቁ ሊግ ሲገባ አንደኛ ቤዝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ቤዝ ላይ ተሰለፈ። ቤል በ42 ዓመቱ ለራሱ በር እንደማይከፈትለት ያውቃል፤ የሚገባው ልጅ እንዳይወድቅ ነበር የሚጨነቀው።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት 175 ቤዝ ሰረቀ የሚለውን ልመን?

መልስ፦ የ1933ቱ ቁጥር ነው፣ ከቤል አፍ የተወሰደ። የጥቁሮች ሊግ ቡድኖች ከሊግ ጨዋታ ውጪ በየከተማው ከማንም ጋር ይጫወቱ ነበር፤ አንዳንዴ በቀን ሁለት ሦስት። ጋዜጦች የሊጉን ጨዋታ እንኳ ባጭሩ ነበር የሚዘግቡት፤ የተሰረቀ ቤዝ ደግሞ በሰንጠረዡ ውስጥ መጀመሪያ የሚዘለል ነገር ነው። ስለዚህ በጽሑፍ የሚገኘው ከሆነው ያነሰ ነው። በ2024 ሜጀር ሊግ ቤዝቦል የጥቁሮች ሊጎችን ውጤት ከራሱ መዝገብ ጋር ሲያዋህድ ቤል 0.325 ገደማ በሆነ የመምታት አማካይ ገብቷል። በጋዜጣ ተፈልገው ከተገኙ ጨዋታዎች የተሰላ ስለሆነ ይህኛው ይታመናል።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ምን ሆነ?

መልስ፦ በ1951 ሴንት ሉዊስ ብራውንስ ኮንትራት ቢያቀርብለትም 48 ዓመቱ ነበርና አልተቀበለም። ለኑሮው በሴንት ሉዊስ ማዘጋጃ ቤት በጽዳት፣ ኋላም በሌሊት ጥበቃ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊት ለረጅም ዓመታት ሠራ። ቀን ቀን በዚያ ሕንፃ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ማን በር እንደሚከፍትለት ያውቅ ኖሯል ብዬ አላስብም። በ1974 ከጥቁሮች ሊግ አምስተኛው ተጫዋች ሆኖ የዝና አዳራሽ ገባ፤ ሚኪ ማንትልና ዋይቲ ፎርድ በዚያው ቀን ነው የገቡት። መጋቢት 7 ቀን 1991 በ87 ዓመቱ ሴንት ሉዊስ ውስጥ አረፈ። የኖረበት ጎዳና በስሙ ተሰይሟል፣ ሐውልቱም ቡሽ ስታዲየም ደጃፍ ቆሟል። ስታርሶች ይጫወቱበት የነበረው ሜዳ ቦታ ዛሬ የሃሪስ ስቶው ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል ሜዳ ነው፤ ልጆች አሁንም እዚያው ላይ ይሮጣሉ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምኖረው። እዚህ አካባቢ የተጫወተበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ምናልባት በየሳምንቱ በአጠገቡ ታልፋለህ። ቤል ከ1943 እስከ 1946 የሆምስቴድ ግሬይስ ተጫዋች ነበር። ቡድኑ ፒትስበርግንና ዋሽንግተንን ሁለቱንም ቤቱ አድርጎ ነበር። በ1943 እና በ1944 በርሚንግሃም ብላክ ባረንስን አሸንፎ የጥቁሮች ዓለም ዋንጫን ወሰደ። በዋሽንግተን የሚጫወቱት ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር፤ በ1965 ፈረሰና ቦታው ላይ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠራ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዘጠነኛውና ከዩ ጎዳና መገናኛ ተነሥተህ በፍሎሪዳ አቬኑ በኩል ወደ ጆርጂያ አቬኑ ብትሄድ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የሆም ፕሌቱ ቦታ ምልክት ተደርጎበታል፤ በግራ የሚመታው ቤል ከዚያች ነጥብ ነበር ወደ አንደኛ ቤዝ የሚነሣው።